«ለምን ይጠቅማል?» ወይስ «ለማን?»፤ እየተፈሉ ስለሚጠጡ ቅጠሎች በሚጻፉት ዝርዝሮች ላይ የቀረበ ትችት

በአገራችን ቤት ውስጥ እየተፈሉ ወይም በቡናና በሻይ ላይ እየተጨመሩ ስለሚጠጡት ቅጠሎች፣ ማለት ስለ ጦስኝ፣ ስለ ጤና አዳም፣ ስለ ዳማ ከሴና ስለ ጠጅ ሣር፣ በተለይ ካለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም የሚበዛው አንድ ዐይነት መልክ ያለው ነው፤ ይኸውም በአራት ዐምድ የተከፈለ ሠንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ዐምድ የተክሉ የአገር ስም፣ በሁለተኛው የላቲን ስሙ፣ በሦስተኛው የሚሠራበት የተክሉ ክፍል፣ በአራተኛው የሚፈውሰው በሽታ ይጻፋል። አንባቢው ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ ቢያስኬድ «ጦስኝ፤ ቅጠል፤ ለሳልና ለደም ግፊት» የሚል ያገኛል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሠንጠረዥ ነው። ቅጠሎቹ በእርግጥ ይፈውሳሉ ወይስ አይፈውሱም የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ የሚፈታው በሐኪሞችና በኬሚስቶች ነው። ነገር ግን ሐኪሙም ሆነ ኬሚስቱ ምርመራውን የሚጀምረው የባህል ተመራማሪው ጽፎ ካስረከበው ቃል ነውና፣ ያ ቃል ጎደሎ ከሆነ ከርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ጎደሎ መሆኑ አይቀርም። የእኛም ክስ ሠንጠረዡ ሐሰት ይጽፋል የሚል አይደለም። ሠንጠረዡ እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሮ የሚተወው የዕውቀቱ ዋና ክፍል ነው፤ ስለዚህም የሚተርፈው ቅሪት አንዳንድ ጊዜ ከድንቍርና ይልቅ የሚጎዳ ይሆናል እንላለን።

ትችቱን ከራሴ መጀመር ይገባኛል። በተማሪነቴ ዘመን በመንዝ ደጋ የተዘጋጀ የጥያቄ ወረቀት ይዤ ከቤት ወደ ቤት እዞር ነበር። አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ከደጃፋቸው ጦስኝ አስጥተው አገኘኋቸውና፣ «እማማ፣ ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «ለማን ነው ልጄ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ጥያቄዬ ያልገባቸው መስሎኝ፣ «ለምን በሽታ ይሆናል ማለቴ ነው» አልሁ። «እኮ የታመመው ማነው? ሕፃን ነው? አራስ ናት? ወይስ አንተው ራስህን ብርድ መቶህ ነው?» አሉኝ። በወረቀቴ ላይ «ለማን» ለሚለው የተተወ ቦታ ስላልነበረ፣ «ሳል፤ ብርድ» ብዬ ጻፍሁና አመስግኜ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድሁ። ዛሬ ያን ወረቀት ሳነበው የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው፤ ሴትዮዋ ሊያስተምሩኝ የፈለጉት ነገር ግን ከወረቀቱ ላይ የለም።

ከሠንጠረዡ የመጀመሪያ ዐምድ እንነሣ። የአገር ስም ከላቲን ስም ጋር አንድ ለአንድ የሚጋጠም ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጦስኝ የምንለው በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ሁለት ዘር ነው። አንዱ ቲሙስ ሺምፔሪ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ ዘመን በአገራችን ተቀምጦ ዕፀዋት ከሰበሰበው ከጀርመናዊው ከሺምፐር ነው። ሁለተኛው ቲሙስ ሴሩላቱስ በሰሜኑ ደጋ የሚበቅለው ነው። የሁለቱም ዘይት በአብዛኛው ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉትን ቅመሞች የያዘ ሲሆን፣ የአንዱና የሌላው መጠን እንደ ዘሩና እንደ በቀለበት ስፍራ ይለያያል። እንግዲህ ተመራማሪው «ጦስኝ» ብሎ ጽፎ ናሙናውን ካላስቀመጠ፣ ከባሌ የመጣው ከመንዝ ወይም ከትግራይ ከመጣው ጋር አንድ መሆኑንና አለመሆኑን በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ከሴና ዳማ ከሴም እንዲሁ ናቸው። ስማቸው ቢቀራረብም ከሴ ሊፒያ አዶኤንሲስ ነው፤ የላቲን ስሙም ዐድዋን ያስታውሳል፤ ቅቤ የሚነጠርበት ኮሰረት የርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ዳማ ከሴ ግን የበሶብላ ወገን ሆኖ ኦሲሙም ላሚፎሊየም ይባላል። አንዱን ስም ቈርጦ የጻፈ ተማሪ አንባቢውን ወደ ሌላ ቅጠል ይሰደዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመ ስለ ሆነና፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. በ2009 ተፈጽመው ስለ ወጡ፣ ዛሬ በዚህ በኩል ለሚደረግ ስሕተት ይቅርታ የለውም።

አራተኛው ዐምድ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ችግር አለበት፤ የበሽታ ስም ከተክል ስም ይልቅ ለመተርጐም ያስቸግራልና። ዳማ ከሴ የምች መድኃኒት መሆኑን በመካከለኛው ደጋ የማያውቅ ቤት የለም። ቅጠሉ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው ሰውነት ይታሽበታል፤ በቡና ላይም ተጨምሮ ይጠጣል። ይሁን እንጂ ምች ምንድን ነው? በአንዳንዱ ዝርዝር «ትኩሳት» ተብሎ ተተርጕሟል፤ በሌላው «የከንፈር ቍስል»፤ በሌላውም «የፀሐይ ምታት»። ሦስቱም ከፊል እውነት ናቸው፤ ሦስቱም ግን ምች አይደሉም። ምች በሕዝቡ አሳብ ምልክቱ ብቻ ሳይሆን አመጣጡም ጭምር ነው፤ ሰው ምን ነክቶ፣ ምን በልቶ፣ በምን ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደ ወጣ የሚናገር ስም ነው። ስለዚህ ምችን «ትኩሳት» ብሎ የተረጐመ ሰው አንድን የምክንያት ትምህርት ወደ አንድ ምልክት አሳንሶታል።

ይህም ለሳይንሱ ራሱ የሚያመጣው ውጤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ የወጣ የአገራችን ሊቃውንት ምርመራ የዳማ ከሴ ቅጠል በውኃና በአልኮል ተዘጋጅቶ ለአይጦች ሲሰጥ ትኩሳታቸውን እንደ ቀነሰ አሳይቷል። መልካም ሥራ ነው፤ ቅጠሉ በከንቱ እንዳልተመረጠም ያስገነዝባል። ነገር ግን የተረጋገጠው ይህ ብቻ ነው፤ ማለት የአይጥ ትኩሳት ነው። «ዳማ ከሴ ምችን እንደሚፈውስ በሳይንስ ተረጋገጠ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከአይጥ ወደ ሰው፣ ከትኩሳትም ወደ ምች ሁለት ጊዜ ዘልሏል፤ ሁለተኛውን ዝላይ ያስተማረው የሠንጠረዡ ትርጕም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን አዘገጃጀቱ መቅረቱ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ከውኃው ጋር አብሮ ይፈላል ወይስ የፈላ ውኃ ይፈስስበታል? ተከድኖ ነው ወይስ ተገልጦ? የሚያሸት ዘይት ያለው ቅጠል ሳይከደን ረጅም ጊዜ ቢፈላ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ክዳኑን የምትከድን ሴት የምታደርገውን ታውቃለች ማለት ነው። ሠንጠረዡ ግን «ተፈልቶ ይጠጣል» በሚል በሁለት ቃል ያልፈዋል።

የአዘገጃጀት ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የቻይና ታሪክ በግልጥ ይመሰክራል። ከእኛ ጭቁኝ ጋር በዘር የሚዛመድ ቺንግሃኦ የሚባል ቅጠል ለትኩሳት እንደሚጠቅም በቻይና መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ ተጽፎ ነበር። ሊቂቱ ቱ ዮዮና ባልደረቦችዋ የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ ቅጠሉን በሙቀት አዘጋጅተው ቢሞክሩት ኀይሉ አልጸና አላቸው። መንገዱን ያሳያቸው በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጌ ሆንግ መጽሐፍ ነው፤ እርሱ ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ ጭማቂው ተጨምቆ እንዲጠጣ እንጂ እንዲፈላ አላዘዘምና፣ ሙቀቱ ኀይሉን ሳያጠፋው አልቀረም ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአነስተኛ ሙቀት ቢያወጡት ተሳካ፤ ሊቂቱም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ጌ ሆንግ እንደ ዘመናችን ሰው «ቺንግሃኦ፤ ቅጠል፤ ለትኩሳት» ብሎ ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ለማንም መንገድ አያሳይም ነበር። ደግሞም ከዚህ ታሪክ ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ወባን ይፈውሳል ብሎ መደምደም አይገባም፤ የዓለም የጤና ድርጅት ይህን አያጸድቀውም። በቅጠሉና በመድኃኒቱ መካከል መጠንና አዘገጃጀት ቆመዋልና።

ስለ መጠን ከተነሣ ጤና አዳምን መጥቀስ ግድ ነው። አንድ ቅንጣቢ በቡና ስኒ ላይ ጣል ማድረግ የአገራችን የዘወትር ልማድ ነው፤ ስሙም ራሱ ደኅንነትን ይናገራል። በሠንጠረዡም «ለሆድ ቁርጠት» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን የሩታ ወገን የሆነው ይህ ቅጠል ከጥንት ጀምሮ ሁለት ፊት ያለው መሆኑ የታወቀ ነው። ሮማዊው ፕሊኒዮስ በ1ኛው መቶ ዓመት ነፍሰ ጡሮች ከሩታ እንዲርቁ ጽፏል። በዘመናችንም በላቲን አሜሪካ ፅንስ ለማስወረድ የሩታን ቅጠል በብዛት አፍልተው የጠጡ ሴቶች ብዙ የሰውነት ክፍላቸው ተጎድቶ ለሞት እስከ መድረስ እንደ ታመሙ ሐኪሞች መዝግበዋል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚቈስልም የታወቀ ነው።

በስኒ ላይ በሚጣለው ቅንጣቢና በድስት ተፈልቶ በሚጠጣው መካከል ያለው ልዩነት የቅመምና የመርዝ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡ ግን ለሁለቱም አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ለነፍሰ ጡር «ይህስ ይቅርብሽ» የምትል አማት ወይም እናት ባለችበት ቤት ክልከላው የዕውቀቱ ግማሽ ነው። የጥያቄ ወረቀታችን የሚጠቅመውን ብቻ እየጠየቀ የሚከለከለውን ሳይጠይቅ ስለሚያልፍ፣ ግማሹ ዕውቀት ከነባለቤቱ እንዲቀር ፈርዶበታል።

ዝርዝሮቹ የሚባዙበት መንገድም መመርመር ያስፈልገዋል። አንዱ ተመራማሪ ከሌላው ሲቀዳ፣ ሦስተኛውም ሁለቱን ምስክር አድርጎ ሲጠራ፣ አንድ ቃል በሦስት መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። አንባቢውም ሦስት ምስክር ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተናገረው አንድ ሰው ነው፤ ምናልባትም በአንድ ቀን፣ በአስተርጓሚ፣ ጠያቂው የፈለገውን መልስ ዐውቆ የተናገረ ሰው ነው። ምንጩ ያልተጻፈ ቃል በብዛቱ ሊታመን አይገባውም።

ለዝርዝሩ የሚሟገቱት ሰዎች የሚሉትንም በትክክል መስማት ይገባናል። ዝርዝር ባይኖር ከአገር አገር ማነጻጸር አይቻልም፤ ዕውቀቱ ከሽማግሌዎች ጋር ሳይጠፋ በችኰላ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ጠቋሚ የሌለው መጽሐፍም ለፈላጊው አይመችም ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 በዋርሶ የኢትዮጵያን የመድኃኒት መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በናፖሊ የዕፀዋትን ስምና አገልግሎት የሚመረምረውን ሁለተኛ ክፍል ባያሳትሙ ኖሮ እኛ ዛሬ የምንቆምበት መሬት ባልነበረን። ነገር ግን ከዝርዝሩ ደራሲዎች ብዙዎቹ ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ፤ የጥንቱ የመድኃኒት መጽሐፍ ራሱ እንደ ዛሬው ሠንጠረዥ ደረቅ አልነበረም። ሥሩ ይሁን ቅጠሉ፣ ይወቀጥ ወይም ይዘፍዘፍ፣ በማር ይሁን በሌላ፣ ስንት ቀን እንደሚሰጥ መመሪያ የሚጽፍበት ስፍራ ብዙ ነው። አራቱ ዐምዶች ከደብተራው ብራና ይልቅ ድኾች ናቸው።

የደብተራው መጽሐፍም በበኩሉ የማይዘው አለ። ተመራማሪ ወደ ገጠር ሲሄድ የሚፈልገው «ባህላዊ ሐኪም» የሚባለውን ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ዕውቀቱንም በምስጢር ይይዛል። የጦስኝና የዳማ ከሴ ዕውቀት ግን ምስጢር አይደለም፤ የባልትና ወገን ሆኖ በጓዳ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ምስጢር ስላልሆነ ዕውቀት መሆኑ ተዘነጋ፤ ሴቶች ስለሚይዙትም «ሁሉም የሚያውቀው ነው» ተብሎ በአንድ መስመር ታለፈ። ሆኖም ከመድኃኒት ሁሉ ይልቅ በብዙ ሰው ጉሮሮ የሚያልፈው ይኸው በጓዳ የሚፈላው ነው።

ጉዳቱ በጽሑፍ ዓለም ብቻ አይቀርም። በገበያ በላስቲክ የታሰረ ጦስኝ ዛሬ «ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጨጓራ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይሸጣል፤ የወረቀቱ አነጋገር የሠንጠረዡ አራተኛ ዐምድ ራሱ ነው። ቲሞል በመስተዋት ሳሕን ላይ ተሕዋስያንን መግደሉ እውነት ነው፤ በሳሕን ላይ የሠራው ግን በሰው ሰውነት ውስጥ በአንድ ስኒ ሻይ መጠን ይሠራል ማለት አይደለም። የደም ግፊት ሕመምተኛ ወረቀቱን አምኖ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ቢተው የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ቅጠሎች ሁሉ ማስረጃ የላቸውም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ለምሳሌ ያህል ዝንጅብል የነፍሰ ጡርን ማቅለሽለሽ እንደሚያቃልል በሰዎች ላይ በተደጋጋሚ ተፈትኗል። ልብ ማለት የሚገባው የፈተናው አነጋገር ነው፦ ለማን፣ ለምን፣ ስንት ግራም፣ ለስንት ቀን። ይህም የመንዟ እናት የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከቡና ቅጠል እንውሰድ። በሐረር ቁጢ፣ በወላይታም ሀይታ ቱኬ እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓ ኅብረት የደረቀ የቡና ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲሸጥ እንደ ባህላዊ ምግብ ሲፈቅድ፣ በ1 ሊትር ሙቅ ውኃ ከ20 ግራም ደረቅ ቅጠል እንዳይበልጥ ደንግጓል። ፈቃዱ ቅጠሉ «ለምን በሽታ እንደሚጠቅም» አይናገርም፤ ምን ያህል፣ በምን ያህል ውኃ እንደሚዘጋጅ ግን ይናገራል። የሐረሯ እመቤትና የወላይታዋ እናት መጠናቸውን በእፍኝ ያውቁታል። ይሁን እንጂ ያ እፍኝ ስንት እንደሚመዝን በስንቱ የተማሪ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል?

በውጭ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችን ነገር ደግሞ ጉዳዩን ያጠብቀዋል። ከቤተ ሰብ በጓዝ የሚላክ የደረቀ ጤና አዳምና ጦስኝ ወደ ዋሽንግተንም ወደ ቴል አቪቭም ይደርሳል። ቅጠሉ በጓዝ ይሄዳል፤ ክልከላው ግን በአፍ የሚነገር ስለ ሆነ በጓዳው ይቀራል። እዚያ የተወለደች ልጅ ስለ ቅጠሉ ለማወቅ ብትፈልግ የምታገኘው የእኛን ዝርዝር ነው። ዝርዝራችን «ለሆድ ቁርጠት» ብሎ ከቆመ፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆንዋን የሚጠይቃት የለም።

እንግዲህ ለወደፊት ይህን ሥራ ለሚይዙት ተማሪዎች የምናሳስበው ሠንጠረዡን እንዲተዉ ሳይሆን ዐምዶቹን እንዲጨምሩ ነው። አንደኛ፣ የተክሉ ናሙና ተሰብስቦ በሄርባሪየም ይቀመጥ፤ የተገኘበትም ስፍራ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የበሽታው ስም በተናጋሪው ቋንቋ ይቀመጥ፤ ትርጕሙም ተናጋሪው ራሱ በገለጠው ቃል ይብራራ። ሦስተኛ፣ ተመራማሪው ሲዘጋጅ በዐይኑ አይቶ፣ ቅጠሉን መዝኖ፣ ውኃውን ሰፍሮ፣ ጊዜውን ቈጥሮ ይጻፍ። አራተኛ፣ ማን እንደሚጠጣው፣ ይልቁንም ማን እንደማይጠጣው ይጠየቅ። አምስተኛ፣ ተናጋሪው ከማን እንደ ተማረና በገዛ እጁ አዘጋጅቶ ያውቅ እንደ ሆነ ይመዝገብ። ይህን ሁሉ የያዘ ስለ አንድ ቅጠል የተጻፈ አሥር ገጽ፣ ስለ መቶ ቅጠሎች ከተጻፈ አሥር ገጽ ይልቅ ለሐኪሙም ለጠጪውም ይጠቅማል።

ሥራው አዝጋሚ መሆኑን እናውቃለን፤ በአንድ ክረምት መቶ ስም ለመሰብሰብ የወጣ ተማሪ ምናልባት አምስት ብቻ ይዞ ይመለሳል። መምህሩም አምስቱን እንደ መቶ ሊቈጥርለት ይገባል። እኔ በበኩሌ ያን የመንዝ ወረቀት አልቀደድሁትም። «ሳል፤ ብርድ» ከሚለው ቃል ግርጌ ከብዙ ዘመን በኋላ «ለማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም» ብዬ ጽፌበታለሁ። እማማን ዳግመኛ ሄጄ ለመጠየቅ ግን ጊዜው አልፏል።